የተጣለውም ካርታ አለው፦ በደሴና በኮምቦልቻ ከካርታ ሥራ በፊት ስለሚደረግ መረጃ ማጣራት

መግቢያ

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ የደሴ ከተማ ነዋሪዎች ወደ ጤና ተቋም ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድባቸው የሚያሳይ ካርታ ሠርቼ ነበር። የተጠቀምሁት ከኦፕንስትሪትማፕ የወረደ የመንገድ መረጃ ነው። መረጃው ተዝረክርኮ ስላገኘሁት አጣራሁት፤ የእግር መንገዶችን፣ ደረጃዎችንና ዓይነታቸው ያልተገለጸ መስመሮችን በአንድ ትእዛዝ አስወገድሁ። የቀረው ንጹሕና ለዓይን የሚያምር የመንገድ መረብ ሆነ። ካርታውን አትሜ በጦሳ ተራራ ግርጌ ወደሚገኝ አንድ ሰፈር ይዤው በሄድሁ ጊዜ፣ አንዲት እናት ጥቂት ከተመለከቱት በኋላ፣ «ልጄ፣ ታዲያ እኛ በየት ነው የምንወርደው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በካርታዬ ላይ የእርሳቸው ቤት ከመንገድ ሁሉ ተነጥሎ የቆመ ነጥብ ነበር፤ እርሳቸው ግን በየሳምንቱ ገበያ ወርደው ይመለሳሉ። መንገዱ ከመሬት ላይ አልጠፋም፤ በእኔ ወንፊት ላይ ቀርቶ ነው።

ካርታ ከመሠራቱ በፊት አላስፈላጊ የሚባሉ ገጽታዎችን ከመልክዓ ምድራዊ መረጃ ማስወገድ በመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ ሥራ ነው። «መረጃው ተጣርቶ ጥቅም ላይ ውሏል» ይባልና ያበቃል። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት አጭር ነው። ማጣራት የጽዳት ሥራ ብቻ ሳይሆን ፍርድም ነው፤ ፍርድ ደግሞ መዝገብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከመረጃው የጣልነውን ሁሉ ከመርሳታችን በፊት ለብቻው በካርታ ላይ አስፍረን ልናየው ይገባል። የተጣለው ነገር ያለ ሥርዓት የተበተነ ከሆነ ጉድፍ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ተዳፋት ወይም በአንድ ወቅት ተከማችቶ ከተገኘ ግን ጉድፍ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የማጣራት አስፈላጊነት

ከሁሉ አስቀድሞ የማጣራትን አስፈላጊነት መካድ አይገባም። ሁሉን የሚያሳይ ካርታ ምንም አያሳይም። በ1፡50,000 ስኬል በተሠራ ካርታ ላይ ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር በመሬት ላይ 12.5 ሜትር ይሸፍናል፤ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ቤት ደግሞ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ይሆናል። ይህን ዓይን ስለማያየው ካርታ ሠሪው ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ከጎረቤቶቹ ጋር ያዋሕደዋል፣ ወይ በምልክት ይተካዋል። በመረጃው ውስጥ እውነተኛ ጉድፍም አለ፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ መንገድ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ሕንፃ፣ ለጥያቄያችን ፋይዳ የሌለው የመብራት ምሰሶና አጥር ሁሉ ይገኝበታል።

ቶፕፈርና ፒለቪዘር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ሥራ የታወቀ ቀመር አቅርበዋል። በቀመሩ መሠረት ከትልቅ ስኬል ወደ ትንሽ ስኬል ስንሸጋገር የሚቀሩት ገጽታዎች ብዛት የሚወሰነው በሁለቱ ስኬሎች ንጽጽር ስኩዌር ሩት ነው። ለምሳሌ ከ1፡50,000 ወደ 1፡250,000 የሚሸጋገር ካርታ ሠሪ ከ100 ገጽታዎች 45 ያህሉን ያስቀራል። ቀመሩ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በመሠረታዊ መልኩ ስንት እንደሚቀሩ እንጂ የትኞቹ እንደሚቀሩ አይነግረንም። ሃምሳ አምስቱ የትኞቹ ይሁኑ? የተመራማሪው ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ በብዙዎቻችን ሥራ ግን ጥያቄውን የሚመልስልን የሶፍትዌሩ መነሻ ቅንብር ነው።

ባዶ ማለት የለም ማለት አይደለም

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል በተዘረጋ ስምጥ ሥፍራ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዋናው አውራ ጎዳና ሸለቆውን ተከትሎ ሲሄድ ሰፈሮቹ ግን ግራና ቀኝ ተዳፋቱን ይወጣሉ። ስለዚህ በብዙ ሰፈሮች የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚካሄደው መኪና በማይገባባቸው መተላለፊያዎች፣ በድንጋይ ደረጃዎችና ዝናብ በሚያዳልጣቸው አቋራጮች ነው። ጎማ የሚሄድበትን ብቻ መንገድ ብሎ የሚቆጥር ማጣሪያ በሜዳማ ከተማ ላይ ትንሽ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ በደሴ ላይ ግን የከተማዋን ግማሽ አካል እንደ መቁረጥ ነው።

ችግሩን የሚያባብሰው የባዶ ዓምድ ጉዳይ ነው። በኦፕንስትሪትማፕ እያንዳንዱ መስመር የሚገለጸው ፈቃደኞች በሚሰጡት መለያ ነው። የመንገዱ ገጽ አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ ጠጠር ወይም አፈር መሆኑን የሚናገረው ዓምድ ብዙ ጊዜ ሳይሞላ ይቀራል። «ገጹ አስፋልት የሆነውን ምረጥ» ብለን ስናዝ ያልተሞላው ሁሉ ይወድቃል። ይህስ ይጠበቃል። ብዙ ተማሪዎችን የሚያስገርመው ሌላው ነው፤ «ገጹ አፈር ያልሆነውን ምረጥ» ብለን ብናዝም በተለመደው የመረጃ ቋት ቋንቋ ባዶው ዓምድ እንደገና ይወድቃል። ምክንያቱም ባዶን ከማንኛውም ዋጋ ጋር ሲያነጻጽሩት ውጤቱ «አዎ»ም «አይደለም»ም ሳይሆን «አይታወቅም» ስለሚሆን ነው፤ ማጣሪያው ደግሞ «አዎ» የተባለለትን ብቻ ያሳልፋል። እንግዲህ ያልታወቀው መንገድ በሁለቱም ጥያቄ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል።

ባዶው ዓምድ ስለ መንገዱ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ መዝጋቢው ነው። መዝጋቢ በእግሩ ያልደረሰበት ሰፈር ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ባዶውን በጣልን ቁጥር ቀድሞ ችላ የተባለውን ሰፈር ደግመን ችላ እንላለን። ከላይ የጠቀስሁትን ካርታ እንደገና ስሠራ በመጀመሪያ ያደረግሁት የጣልኋቸውን መስመሮች ብቻ በባዶ ወረቀት ላይ ማተም ነበር። መስመሮቹ በከተማው ሁሉ ተበትነው አልተገኙም፤ በተዳፋቶቹ ላይ ተኮልኩለው ሰፈር ሠርተው ነበር። የጣልሁት ጉድፍ ሳይሆን የከተማዋ ሌላ ገጽ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ትንሽ ቤትና የመቁረጫ ነጥብ

ሁለተኛው ምሳሌ የሕንፃዎች መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጎግል ለአፍሪካ ያወጣው የክፍት ሕንፃዎች መረጃ ለእንደኛ ላለው ተመራማሪ ትልቅ በረከት ሆኗል። መረጃው 50 ሴንቲ ሜትር የጥራት ደረጃ ካላቸው የሳተላይት ምስሎች በማሽን ትምህርት የተወሰደ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሕንፃ ስፋቱንና ማሽኑ «ይህ በእርግጥ ሕንፃ ነው» ሲል ያለውን የመተማመን ነጥብ ይዟል። በሦስተኛው እትም ነጥቡ ከ0.65 እስከ 1 ይደርሳል። ተጠቃሚው እንደ ፍላጎቱ የመቁረጫ ነጥብ መርጦ ከዚያ በታች ያለውን ይጥላል።

ዝቅተኛ ነጥብ የሚያገኘው ምንድን ነው? ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ቤት በእንዲህ ያለ ምስል ላይ በአንድ ጎኑ 8 ነጥቦች ብቻ ይኖሩታል። ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ከሆነ ያንጸባርቃል፤ የዛገ ቆርቆሮ ወይም የሣር ክዳን ከሆነ ግን ከአካባቢው አፈር ጋር ይመሳሰላል። በገጠር ጎጆን ከክምር፣ የድንጋይ ካብን ከቤት ግድግዳ መለየት ለማሽን ቀርቶ ለሰው ዓይንም ያስቸግራል። ስለዚህ የመቁረጫ ነጥቡን ከፍ ባደረግን መጠን ክምሩና ካቡ ይወገዱልናል፤ አብሮም ትንሹ፣ አሮጌውና በሣር የተከደነው ቤት ይወገዳል። ማጣሪያው ድህነትን የሚለካ መሣሪያ ሆኖ አልተሠራም፤ ነገር ግን ሳናስበው የድሆችን ቤት እየመረጠ ሊጥል ይችላል።

ይህ በደሴ የሥነ ውበት ጉዳይ አይደለም። ከተማዋና አካባቢዋ ለመሬት መንሸራተት የተጋለጡ መሆናቸው በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ ተናለም አየነውና ባርቢየሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት የመሬት መንሸራተት ዝርዝርና የተጋላጭነት ካርታ ከሚታወቁት አንዱ ነው። በተዳፋቶቹ ላይ የተከማቸው ልል አፈርና የድንጋይ ስብርባሪ፣ የከርሰ ምድር ውሃው፣ ወንዞች የተዳፋቱን ግርጌ መቦርቦራቸውና የክረምቱ ዝናብ ተዳምረው መሬቱን ያንቀሳቅሱታል። ሜዳው የተያዘበት አዲስ ነዋሪ ቤት የሚቀልሰው ርካሽ መሬት በሚያገኝበት ቦታ ነው፤ ርካሹ መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ የፈፋ አፋፍ ነው። «ከ20 ካሬ ሜትር በታች የሆነውን ጣል» የሚል ትእዛዝ በሜዳው ላይ የዶሮ ቤትና የመጋዘን ታዛ ይጥላል፤ በፈፋው አፋፍ ላይ ግን የሰው መኖሪያ ይጥላል። ከዚያም በአደጋ ተጋላጭነት ካርታችን ላይ «በዚህ ሥፍራ የሚጎዳ ሰው የለም» የሚል መደምደሚያ ይጻፋል። መደምደሚያውን የሚያነብ የከተማ ዕቅድ ባለሙያ ወንፊቱን አያይም፤ የሚያየው ዱቄቱን ብቻ ነው።

ዶሮ መዝለያና ሐይቅ

ሦስተኛው ምሳሌ የውሃ ነው። የቦርከና ወንዝ ደሴን አቋርጦ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ገደል በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ የሚገናኙት ሁለቱ ከተሞች በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይበላለጣሉ። ላይኛው ከተማ የሚጥለው ዝናብ፣ ደለልና ቆሻሻ ታችኛው ከተማ ይደርሳል፤ ስለዚህ የደሴ ተማሪ ከመረጃው የሚጥለው ጅረት ለኮምቦልቻ ተማሪ የጎርፍ መነሻ ነው።

የሥፍራው ስም ራሱ መለኪያ ነው፤ ዶሮ የምትዘልለው ያህል ጠባብ ነው ለማለት የወጣ ነው። አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት ዲጂታል የከፍታ ሞዴል ግን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 በጠፈር መንኮራኩር ላይ በተጫነ ራዳር የተወሰደው ሲሆን፣ በ30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነን መሬት፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትርን፣ በአንድ ቁጥር ይወክላል። ዶሮ የምትዘልለውን ገደል እንዲህ ያለ ሞዴል በትክክል ሊያየው አይችልም። የገደሉ ወለል ከግድግዳዎቹ ጋር ተደባልቆ ከፍ ብሎ ይመዘገብና በወንዙ ላይ ሐሰተኛ ግድብ ሊፈጠር ይችላል። ከግድቡ በስተ ኋላ ያለው መሬት በሞዴሉ ዘንድ መውጫ የሌለው ጉድጓድ ይሆናል። ጄንሰንና ዶሚንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ካቀረቡት ዘዴ ወዲህ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶችን መሙላት የውሃ ፍሰት ትንተና የመጀመሪያ ደረጃ ሆኗል፤ ትእዛዙም በአንድ ጠቅታ ይፈጸማል። በተሞላው ሜዳ ላይ የሚሰመረው ወንዝ የት እንደሚያልፍ ግን ከመሬቱ ይልቅ ስልተ ቀመሩ ይወስናል።

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ስንሄድ ደግሞ ተቃራኒውን እናገኛለን። የሐይቅ ተፋሰስ በምድር ገጽ ላይ መውጫ የለውም፤ ውሃ ገብቶበት ይቀራል። ይህ እውነተኛ ጉድጓድ ነው። መሙያው ግን እውነተኛውን ከሐሰተኛው አይለይም፤ ሐይቁን እንደ ስሕተት ቆጥሮ እስኪፈስ ይሞላውና ወደ ጎረቤት ተፋሰስ ይቀላቅለዋል። አንዱን ትእዛዝ በዶሮ መዝለያ ላይ ስንጠቀምበት የመሣሪያ ጉድለት ያርማል፤ በሐይቅ ላይ ስንጠቀምበት ሐይቅ ያጠፋል። ልዩነቱን የሚያውቀው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በጅረቶች ላይም እንዲሁ ነው። በሰፊው እንደሚሠራበት ልማድ፣ ከከፍተኛው የፍሰት ክምችት 1 በመቶ የማይደርስ መስመር ጅረት ተብሎ አይቆጠርም። ልብ ይባል፤ ይህ ገደብ የሚለዋወጠው በጥናቱ ክልል ስፋት ነው። የደሴን አካባቢ ብቻ ለይተን ብናጠና የሚታየው ፈፋ የቦርከናን ተፋሰስ በሙሉ ስንወስድ ይሰወራል። ፈፋው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ክፈፍ ነው። በኮምቦልቻም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክና ከእርሱ በፊት የነበሩት ፋብሪካዎች ባሉበት ከተማ፣ የፍሳሽና የጎርፍ ጥያቄ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በትልቁ ወንዝ ላይ ሳይሆን ወደ ቦርከና በሚገቡት በትናንሾቹ ጅረቶች ላይ ነው። በጋ ደርቀው የሚታዩት እነዚሁ ጅረቶች በማጣሪያ ፊት ደካሞች፣ በክረምት ፊት ግን ብርቱዎች ናቸው።

ደመና የሸፈነው ወቅት

አራተኛው ምሳሌ ከቦታ ወደ ጊዜ ይወስደናል። የሴንቲኔል-2 ጥንድ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ በ10 ሜትር የጥራት ደረጃ ምስል ያቀርባሉ። ተማሪው «የደመና ሽፋኑ ከ10 በመቶ በታች የሆነውን ምረጥ» ይላል፤ ተገቢ ማጣሪያ ነው፣ በደመና ውስጥ መሬት አይታይምና። ነገር ግን በደሴ ሐምሌና ነሐሴ የደመና ወራት ናቸው። በማጣሪያው የሚያልፉት ምስሎች በአብዛኛው የበጋ ይሆናሉ፤ የሚወድቁት ደግሞ መሬቱ የሚንሸራተትባቸው፣ ፈፋው የሚሞላባቸውና መንገዱ የሚቆረጥባቸው ሳምንታት ናቸው። ስለ ክረምት አደጋ የምንጽፈውን ጥናት በበጋ ዓይን እናየዋለን ማለት ነው።

የተጣሉትን ምስሎች ቀናት በአንድ ሠንጠረዥ ብንደረድር የማጣሪያው አድልዎ ወዲያው ይታይ ነበር። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ እንደ ሴንቲኔል-1 ያለው ራዳር በደመና ውስጥ ያያል። ራዳሩ በገደላማ ሥፍራ የራሱ ጥላና መዛባት ስላለበት ምትክ ሳይሆን አጋዥ ነው። ዋናው ነገር ግን አንባቢ «የዓመቱ ምስል» የተባለው የስንት ወር ምስል እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል።

ምን ይደረግ?

ከእነዚህ ምሳሌዎች በመነሣት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና አማካሪዎች አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማጥፋትን ትተን ምልክት ማድረግን እንልመድ። በመረጃው ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሮ «ተጥሏል፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ መጻፍ ከማጥፋት የበለጠ ድካም የለውም። የመጀመሪያው መረጃ ከወረደበት ቀን ጋር ሳይነካ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ የአሠራር ምዕራፍ ውስጥ አንድ አጭር ሠንጠረዥ ይግባ፤ የማጣሪያው ሕግ፣ ከማጣራቱ በፊትና በኋላ የነበረው ብዛት፣ የመቁረጫ ነጥቡ የተመረጠበት ምክንያት፣ ባዶ ዓምዶች ምን እንደተደረጉ። ምክንያቱ «የሶፍትዌሩ መነሻ ቅንብር ነው» ከሆነም በግልጽ ይጻፍ፤ መታወቁ ብቻውን ጥቅም አለው።

ሦስተኛ፣ የተጣለው ለብቻው በካርታ ይታተም። እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ስሕተትም ይከማቻል፣ የድንጋይ ካብ በበዛበት እርከን ላይ ማሽን በአንድ ሥፍራ ብዙ ሐሰተኛ ቤቶችን ሊያይ ይችላል። እውነት ነው። ስለዚህ መከማቸቱ የተጣለው ነገር እውነተኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ሄዶ ማየት የሚገባበትን ቦታ ግን ያመለክታል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅነውም።

አራተኛ፣ የመስክ ማረጋገጫ ነጥቦቻችን ከተጣለውም ይወሰዱ። እስከ ዛሬ በልማድ የምናረጋግጠው ያስቀረነውን ነው፤ በካርታው ላይ ያለው ቤት በመሬት ላይ መኖሩን እናያለን። በመሬት ላይ ያለው ቤት ከካርታው መቅረቱን የምናይበት መንገድ ግን አናዘጋጅም። ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ታላቅ ወጪ አይጠይቅም፤ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ግቢ የሚጠናው ተዳፋትና ጅረት ብዙ ጊዜ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ነው። ፈታኞችም በመመረቂያ መድረክ ላይ «ምን አገኘህ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ምን ጣልህ? የት ነበር?» ብለው ቢጠይቁ ልማዱ በአጭር ጊዜ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ጊዜና ገጽ ያጥራል የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ሠንጠረዡ ግማሽ ገጽ፣ ካርታው አንድ ገጽ ይወስዳል። በሌላ በኩል አንድ የተጋላጭነት ካርታ በአንድ የቀበሌ ግድግዳ ላይ ለዓመታት ሊሰቀል፣ ለመንገድ ሥራና ለመልሶ ማስፈር ውሳኔ መነሻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማጣሪያውን የሠራው ተማሪ በአጠገቡ አይኖርም።

ማጠቃለያ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ከካርታ የቀረ መንገድም እንዲሁ ነው፤ ካርታውን ብቻ ለሚያይ ሰው ምንም የጎደለ አይመስለውም። ስለዚህ ጉድለቱን የማሳየት ግዴታ የሚወድቀው መጀመሪያ በጣለው ሰው ላይ ነው። ማጣራታችንን አንተው፤ ማጣራት ካርታን ካርታ ያደርገዋል። ነገር ግን የጣልነውን ከመጣላችን በፊት ዘርግተን እንየው፣ እንቁጠረው፣ ቦታውንም እንወቀው። በጦሳ ግርጌ ያሉት እናት የጠየቁኝ ጥያቄ ከዚህ የበለጠ አልነበረም፤ መንገዳቸው የት እንደገባ ማወቅ ፈለጉ።